ሳትሰማ የምትደርስ መኪና

መቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የቤት መስመር እዘረጋለሁ፣ የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር እጠመጥማለሁ፣ ሰው አጥብቆ ከለመነኝ ደግሞ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። በሙያዬ ብዙም አልታማም። የምታማው በአፌ ነው። እጄ ገና ያልነካውን ሥራ አፌ ጨርሶት ያድራል፤ ከዚያ እጄ ከኋላ ከኋላው እየሮጠ አበሳውን ያያል። የመኪናዋም ነገር የመጣው ከዚሁ ነው።

መኪናዋን የገዛኋት አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ ነው። በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት ጠንካራ አሮጌ የናፍጣ መኪና ናት። ከእኔ ሌላ የተጫረተባት ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ይህንን እንደ ዕድል ነበር የቆጠርኩት። ነጭ መሆኗን የምታውቁት በሯን ስትከፍቱ ብቻ ነው፤ ውጪዋን የኢሉባቦር ቀይ ጭቃ ለዓመታት ሲቀባት ኖሮ የራሱ አድርጓታል። ባለቤቴ ማር ትነግዳለች። ከያዮና ከኖፓ ገበሬዎች ትገዛና መቱ አምጥታ ታከፋፍላለች፤ መኪናዋም በዋናነት የማር ባልዲ ተሸካሚ ነበረች። ጠዋት ሳስነሳት ሰፈሩ አብሮ ይነሳል። አንዲት ጎረቤታችን፣ «እኔ ሰዓት ገዝቼ አላውቅም፤ ያንተ መኪና ማሳል ስትጀምር ልጆቼን ለትምህርት እቀሰቅሳለሁ» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ናፍጣ ጠፋ። መጥፋት ስል ጨርሶ አልጠፋም፤ ይመጣል፣ ግን መምጣቱ ከመጥፋቱ የባሰ ያደክማል። ማደያው በር ላይ የሚቆመው ሰልፍ ታጥፎ ታጥፎ ገበያው ጋ ይደርሳል። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ ስተኛ፣ ባለቤቴ ያዮ ላይ የገዛችው ማር ገበሬው ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። በስልክ ስትደውል የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሰልፉ ተንቀሳቀሰ?»

አንድ ቀን እንዲሁ ሰልፍ ላይ ሳለን አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ከአዲስ አበባ መጣችና ማደያውን እንዳላየ ሰው አልፋው ሄደች። የነዳዋ ሰው ለሥራ የመጣ እንግዳ ነበር። ጠይቆ ጠይቆ እኔ ሱቅ መጣና ቻርጅ የሚያደርግበት አስተማማኝ መስመር እንድፈልግለት ጠየቀኝ። ፈለግኩለት። እሷ ስትሞላ እኔ ኮፈኗን አስከፍቼ ስመረምር ዋልኩ። በማግስቱ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ እንዲህ ስል ራሴን ሰማሁት፦

«ይሄ እኮ ምንም የለውም። ሞተር፣ ባትሪ፣ መሃላቸው መቆጣጠሪያ። እኔ ከፈለግኩ የኔዋን አሮጌ ናፍጣ ኤሌክትሪክ አደርጋታለሁ።»

አንድ ሰው እንኳ «አትችልም» ቢለኝ ተጨቃጭቄ፣ ተናድጄ፣ ረስቼው ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ግን ሁሉም «ትችላለህ፣ አንተ መቼ ያቅትሃል» አሉኝ። ጠዋት መንገድ ላይ ሰው በሰላምታ ፈንታ «ጀመርካት?» ይለኝ ጀመር። ለባለቤቴ ስነግራት ማር እያጣራች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ማሬን ታምጣልኝ እንጂ ከፈለገች በጸሎት ትሂድ» አለች።

ችግሩ የተጀመረው መካኒኩ ወዳጄ ጋ ነው። ቤተሰቡ ከድሮ ጀምሮ የቡና ከተሞች ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱ ብቻ ንግዱን ትቶ ጋራዥ ከፈተ። የናፍጣ ሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሰው ነው። የኔዋን ሞተር ከአንዴም ሁለቴ በትኖ ገጥሟታል። ላወጣት እንደምፈልግ ስነግረው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ምን አደረገችህ?» አለ።

«ምንም አላደረገችኝም። ናፍጣ የለም።»

«ናፍጣ ሲጠፋ ሞተር ይወጣል? አንተ እህል ሲወደድ ሆድህን ታስወጣለህ?»

እምቢ አለ። ሌላ ጋራዥ እንደምሄድ ስነግረው ግን፣ «ሌላ ሰው እጅ ከምትገባ እኔው ላውጣት» ብሎ ተስማማ። ጊቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ላይ ሰንሰለት አስሮ ሞተሯን ሽቅብ ሳባት። ሰው ተሰብስቦ ያያል። ዘይት እያንጠባጠበች አየር ላይ ስትንጠለጠል እውነቱን ለመናገር እኔም ደነገጥኩ፤ የተከፈተው ቦታ ጥርስ እንደሌለው አፍ ሆነ። ወዳጄ ሞተሯን መሬት ላይ አሳርፎ ጠራርጎ አጠባት፣ ከዚያም ሁሩሙ ላለ ባለ ወፍጮ ሸጥንለት። የጫናት መኪና ከጊቢው ሲወጣ እስከ በሩ ድረስ ሸኝቷታል።

የኤሌክትሪክ ሞተሩና ባትሪዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከተጋጨች መኪና የተፈቱ ናቸው። በጭነት መኪና መጡልኝ። ጨርቁን ገልጬ ሞተሩን ለተሰበሰበው ሰው ሳሳይ እርስ በርስ ተያዩ። መካከለኛ ዱባ ያክላል። አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው አዩት።

«የቀረውስ መቼ ይደርሳል?» አሉኝ።

«ይሄው ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲህ እግዜር ይርዳህ» አሉና ሄዱ።

ሞተሩን ከድሮው ካምቢዮ ጋር የሚያገናኝ ብረት ጅማ ላይ ቶርኖ ቤት አስቆረጥን። መለኪያውን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አልገጠመም። ወዳጄ ድጋሚ ሲለካ እኔ ዞር ብዬ ስልኬን የማይ መሰልኩ። ሁለተኛው ገጠመ። ባትሪዎቹን ከኋላ ወንበር ሥርና ራዲያተሩ በነበረበት ቦታ አሰርናቸው። መስመሩን በሙሉ እኔ ዘረጋሁ፣ ማንንም አላስነካሁም። ይህንን የምናገረው በኋላ ለሚመጣው ተጠያቂው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

የሙከራው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ገበያ ነው፣ ሰው በሽ ነው። ቀኑን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ኮት ለብሼ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ከመነሳቴ በፊት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አጭር ንግግር አደረግኩ፤ ወደፊት ስለመራመድ፣ ወደ ኋላ ስላለመቅረት። ከዚያ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ በቀስታ ረገጥኳት። ምንም ድምፅ ሳታሰማ፣ እንደ ቅቤ ልስልስ ብላ፣ ወደ ኋላ ሄደች።

ደንግጬ ይበልጥ ረገጥኩ። ከጋራዡ ጎን ያለው ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው፣ የተበሳ ከመነዳሪ ቀዳዳ የሚፈልግበትን የውሃ ገንዳ ገለበጥን፤ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ጋር ተጋጭተን ቆምን። ጎማዎቹ ተንከባለው ገበያተኛው መሃል ገቡ። ጎሚስታው ከወገቡ በታች ርሶ በመስኮቱ አየኝና ጎማዎቹን ሊሰበስብ ሄደ። ወዳጄ መጥቶ አንገቱን በመስኮት አስገባ።

«አንደኛ ማርሽ ነው ያስገባኸው?»

«አንደኛ ነው።»

«ወላሂ፣ አምስት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ያላት መኪና ሠርተናል።»

ነገሩ ምን እንደሆነ ወዲያው አውቄዋለሁ። ሁለት ሽቦ አቀያይሬያለሁ፣ ሞተሩ በግልባጩ እየዞረ ነው። የወፍጮ ሞተር ሲገለበጥ ባለ ወፍጮዎች ላይ ስስቅ የኖርኩበት ስህተት ነው። ግን ያን ሁሉ ሰው እያየ ኮፈን ከፍቶ ሽቦ ማቀያየር ሞት መሰለኝ። ስለዚህ የኋላ ማርሽ አስገብቼ ወደ ፊት ነዳሁና ከጊቢው ወጣሁ። በዚያ ማርሽ ከሰው እርምጃ አትፈጥንም። ከገበያው እስከ ቤቴ ድረስ ሰው በሁለቱም ጎን አጅቦኝ በእግሩ እየሄደ፣ በመስኮቱ እየጨበጠኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ እያለኝ ደረስን። ከመሃላቸው አንዱ ለጓደኛው፣ «ቀስ የምትለው ለባትሪው አስባ ነው» ሲል ሰማሁት። አላረምኩትም።

ሽቦውን ቤቴ በር ዘግቼ አስተካከልኩ። ከዚያ ደግሞ ፍሬኑ ድንጋይ ሆነ። ፍሬኑን የሚያለሰልሰው አየር የሚመጣው ከናፍጣ ሞተሯ ነበርና እሷ ስትወጣ እሱም አብሯት ሄዷል። መሪውም እንዲሁ፤ እሱን ለማዞር በሬ የጠመደ ሰው ክንድ ይጠይቃል። ወዳጄ ይህንን ከመጀመሪያው ነግሮኝ እንደሆነ አላስታውስም፤ እሱ ነግሬሃለሁ ይላል። ለፍሬኑ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አስመጥተን ገጠምን። ለመሪው እስካሁን የኔ ክንድ ነው የሚሠራው።

ቻርጁም የራሱ ታሪክ ነበረው። ያን ጊዜ ከጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ቆጣሪ ነበር የምንጋራው። መጀመሪያ ሳስገባት ሰፈሩ ኳስ እያየ ነበር። ልክ ቻርጀሩን ስሰካ ብሬከሩ ወረደ፣ ቴሌቪዥኖቹ ጠፉ፣ ከየቤቱ የወጣው ጩኸት ጎል የገባ ይመስል ነበር። እኔም ከሁሉም ጋር አብሬ ወጥቼ «ምን ሆኖ ነው?» እያልኩ ስጠይቅ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ፣ ቻርጀሩን በእጇ ይዛ፣ ለሁሉም አሳየች። ከዚያ ወዲህ የራሴን ቆጣሪ አስገባሁ።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ መኪናዋ መቱ ውስጥ ሽር ብትን ማለት ስትጀምር የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሚስት ሊያገባ አሰበ። ልጅቷ ከኖፓ ወዲያ ካለ መንደር ናት። አባቷ ቡናና ማር ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ ወግ አጥባቂ፣ ቁጡ ናቸው ይባላል። ሽማግሌ መላክ አለበት። የባለቤቴ ቤተሰቦች በሠፈራ ዘመን ከወሎ የመጡ ናቸው፤ በቤተሰቡ ውስጥ ትልቁ አጎቷ ናቸው፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ሽምግልና ሙያቸው ነው። አፋን ኦሮሞ ከወሎ ለዛ ጋር ሲናገሩ ሰው ሥራ ፈትቶ ይሰማቸዋል፤ ችግሩ፣ ሥራ ፈትቶ ብዙ ይቆያል። ሁለተኛው ሽማግሌ መካኒኩ ወዳጄ ሆነ። ሦስተኛው እኔ፤ ያውም በመኪናዬ ምክንያት።

«ናፍጣ ሳንለምን እንሄዳለን፣ ጋሼ። እንደ ሹም ነው የማደርስዎ» አልኳቸው።

«ትደርሳለች?» አሉኝ።

«ሄዳ ትመለሳለች።»

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ወንድሟን ዞር ብላ አየችው። ልጁ ምስኪን አንገቱን ደፋ።

ማለዳ ተነሳን። መንገዱ እስከ ኖፓ ደህና ነበር። ከኖፓ ወዲያ ዝናብ አበላሽቶታል፤ ጭቃው ጎማዋን እየዋጠ ሲተፋ ባትሪው ካሰብኩት በላይ ይወርድ ጀመር። መርፌውን በስርቆት እያየሁ ነዳሁ። ጋሼ ከጎኔ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ንግግራቸውን በከንፈራቸው ይለማመዳሉ። ላሞች መንገድ አይለቁም፤ ስለማይሰሙን ጎናቸው ደርሰን ስንቆም ነው የሚበረግጉት። አንድ በቅሎ የያዘ ሰው፣ ከኋላው ደርሰን ጎኑ ስንወጣ፣ በቅሎውን ትቶ ብቻውን ሮጠ።

መንደሩ ኮረብታ ላይ ነው። ሌላ መኪና ቢሆን ዳገቱን ሲጀምር ከላይ ይሰማል፤ ሰዎቹም ያንን ተማምነዋል። እኛ ግን የልጅቷ አባት ጊቢ ጥግ፣ ከሙዝ ተክሉ ጀርባ፣ እንደ ድመት ገብተን ቆምን። ከአጥሩ ወዲያ ባልና ሚስት በአፋን ኦሮሞ ይነጋገራሉ። እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ትሰማለች።

«ዛሬ ሲመጡ እቆጣለሁ» አሉ አባትየው። «ልጄ ገና ናት፣ የምን ጋብቻ፣ ብዬ አባርራቸዋለሁ። ሁለተኛ ሲመጡ ዝም እላለሁ። ሦስተኛው ላይ እሺ እንላለን።»

«ሦስት ጊዜ ማን ሊደግስላቸው?» አሉ እናትየው። «ልጁ ጨዋ ነው፣ ልጅቷም ወዳዋለች፣ አንተም ወደኸዋል። ዛሬውኑ እሺ በልና እንገላገል።»

«ወግ የሚባል ነገር የለም? ይልቅ የፈራሁት ያንን ሽማግሌያቸውን ነው። ንግግር ከጀመረ አይጨርስም አሉ። አንድ ጊዜ ጠዋት የጀመረውን ሲጨርስ ላሞች ከግጦሽ ተመልሰዋል ይባላል።»

ጋሼ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም። ወዳጄ ከኋላ ወንበር የጋሼን ጋቢ ጫፍ አፉ ውስጥ ከትቶ ትከሻው ይርገፈገፋል። ሰዎቹ ከዚህ የባሰ ሳይናገሩ መድረሳችንን ላሳውቅ ብዬ ክላክሱን ተጫንኩ። ዝናብ መጥረጊያው ተንቀሳቀሰ። እንደገና ተጫንኩ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ያንንም መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። በደረቁ መስታወት ላይ እየተንቋቋ ሲመላለስ ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ፊት ተመልሰው ረጅም ሳል ሳሉ።

ከአጥሩ ወዲያ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ አባትየው ብቅ አሉ። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው፣ ትከሻቸው ላይ ፎጣ አለ።

«ማል ታኤ?» አሉ፣ ምን ተፈጠረ እንደ ማለት። «በእግራችሁ ነው የመጣችሁት?»

«በመኪና ነው» አልኩ።

«መኪናዋስ?»

«ይችትና።»

መኪናዋን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረው የቆሙበትን ቦታና የእኛን ቦታ በዓይናቸው ለኩ። አረፋ ያልነካው ጉንጫቸው ቀላ።

«መቼ ደረሳችሁ?»

ወዳጄ ፊቱን ወደ ሙዝ ተክሉ አዞረ። ያኔ ነው ከቤት ውስጥ እናትየው መሳቅ የጀመሩት። መጀመሪያ በእጃቸው አፍነውት ነበር፤ ከዚያ አመለጣቸው። የልጅቷ ሳቅ ተከተለ። አባትየው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ የሚቆጡትን አጡ።

«ኦል ሴና» አሉ በመጨረሻ፣ ግቡ ማለታቸው ነው።

ገባን፣ ተቀመጥን። አባትየው ተላጭተው ጨርሰው፣ ኮታቸውን ለብሰው ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ለዚህ ቀን ስንት ሲለማመዱ እንደ ሰነበቱ አውቃለሁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ላሞቹ ሳይመለሱ ልጨርስ» አሉ። «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን።» ብለው ተቀመጡ።

እኔ ነገሩ ተበላሸ ብዬ መሬት መሬት አየሁ። አባትየው ጺማቸው በነበረበት ቦታ እጃቸውን አሻሹ፣ ወደ ጓዳው አዩ፣ ወደ ጋሼ አዩ።

«ለሦስተኛ ጊዜ እንደመጣችሁ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ» አሉ። «እሺ ብለናል።»

ወዳጄ ተነስቶ የአባትየውን ጉልበት ሊስም ሲጎነበስ ሳቁን መያዝ አቅቶት እዚያው ተደፍቶ ቀረ፤ እሳቸውም አብረውት ሳቁ። በላን፣ ጠጣን፣ ተመራረቅን። አንድ ትልቅ ገምቦ ማር ሰጡን። እኔ ይህ ሁሉ የሆነው በመኪናዬ ዝምታ ነው ብዬ አፌ ተፈታ። ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ መጪው ዘመን፣ ናፍጣ የሚባል ነገር ከናካቴው እንደሚረሳ አስረዳኋቸው። አባትየው በትዕግሥት ሰሙኝ። አሁን ሳስበው፣ መፍራት የነበረባቸው ጋሼን ሳይሆን እኔን ነበር።

መንደሩ በሙሉ ሊሸኘን ወጣ። ቁልቁለቱን ወረድን፤ ስትወርድ ባትሪው ትንሽ ትንሽ ይመልሳልና ልቤ ተረጋጋ። ከወንዙ ድልድይ ወዲያ ያለውን ዳገት ስንጀምር ግን ፍጥነቷ ቀነሰ፣ ደግሞ ቀነሰ፣ መሃል ላይ ስትደርስ ቀስ ብላ ቆመች። ኮረብታው ላይ ያለው መንደር ሁሉ ፊት ለፊት ያየናል። አሁንም እጃቸውን እያውለበለቡ ነበር።

«ምን ሆነች?» አሉ ጋሼ።

«ትንሽ ታርፍ» አልኩ።

«ሄዳ ትመለሳለች አላልክም?»

«መሄዱን ሄዳለች፣ ጋሼ።»

እየለቀቅኳት ወደ ኋላ ድልድዩ ድረስ ወረድን። እዚያ አጠገብ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። መንደሩ ውስጥ ያለው መብራት ስልክ የሚሞላ የፀሐይ ኃይል ብቻ ነው፤ ጣቢያው ግን ጄኔሬተር ነበረው። የአባትየው በሬዎች መጥተው እስከ በሩ ጎተቱን። ዘበኛው ለመርዳት ፈቃደኛ ነበር።

«አስነሳላችኋለሁ፤ ግን ናፍጣ የለኝም» አለን። «ናፍጣ ይዛችኋል?»

«ይቺ እኮ የኤሌክትሪክ መኪና ናት» አልኩት በኩራት ሳይሆን በለቅሶ ድምፅ። «ናፍጣ ምን ሊሠራልን እንይዛለን?»

ወዳጄ የኋላውን በር ከፈተ፣ የማር ገምቦውን ወደ ጎን አደረገ፣ ከወንበሩ ጀርባ በጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን አወጣ። ጢም ያለ ናፍጣ።

«ይሄን ለምን ይዘህ መጣህ?»

«ስለማውቅህ» አለ።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ጥቁር ጭሱን ሽቅብ እየተፋ፣ ወንዙን እያናጋ፣ የኔን ጸጥተኛ መኪና በናፍጣ ያጠባት ጀመር። ወዳጄ አጠገቡ ተቀምጦ ጆሮውን አዘንብሎ በደስታ ያዳምጣል። አባትየው ነገሩ ረጅም መሆኑን ሲረዱ ወርደው መጡና ከጋሼ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ አባትየው ወደ ጋሼ ጆሮ ጠጋ ብለው በጩኸቱ ላይ ጮክ አሉ፦

«ያን ንግግርዎን አሁን ቢሉት ምን ይመስልዎታል? ጊዜ አለን።»

ጋሼ መጀመሪያ ተግደረደሩ። ከዚያ ከዘራቸውን ተክለው ተነሱ፣ ጄኔሬተሩን በድምፃቸው እያሸነፉ፣ ከወሎ ጀምረው በኢሉባቦር አድርገው፣ ዘር ቆጥረው፣ ደን አሞግሰው፣ ንብ ጠርተው ተናገሩ። አባትየው በየመሃሉ «ኤዬ፣ ኤዬ» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መሃል ላይ ሲደርሱ እኚያ ቁጡ የተባሉ ሰው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ። በጭሱ ይሁን በንግግሩ አላውቅም። ባትሪው የሚያደርሰንን ያህል ሲይዝ ጋሼ ገና አላበቁም ነበርና ጠበቅናቸው።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ በር ላይ ነበረች። ወንድሟ ከኋላዋ ቆሟል፤ መጠየቅ ፈርቶ የጋሼን ፊት ብቻ ያያል። ጋሼ «ሰጡን» ሲሉት እዚያው በር ላይ ቁጭ አለ። ባለቤቴ ወንድሟን ስማ፣ አጎቷን ስማ፣ እኔ ጋ ስትደርስ ግን ቆም ብላ ልብሴን አሸተተች።

«ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለህ» አለች።

ወዳጄ አጥር ተደግፎ ሊነግራት ሲሞክር ሳቁ አላስጨርስ አለው። አራቴ ጀምሮ አራቴ አቋረጠ። በማግስቱ ሻይ ቤት ግን ከነጭሱ ከነዝናብ መጥረጊያው ጨርሶታል።

ሠርጉ ተደገሰ፣ ሙሽሮቹ አሁን መቱ ውስጥ አብረውን ነው ያሉት። መኪናዋም አለች። ጎሬ ሄዳ ትመለሳለች፣ ሁሩሙ ሄዳ ትመለሳለች። ያዮ ላይ ጉዳይ ሲኖር ባለቤቴ የጭነት መኪና ትከራያለች፤ እኔም «ባትሪዋን ላለማድከም ነው» እላለሁ፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ክላክሱን አስተካክያለሁ።

ባለፈው የልጅቷ አባት ዓይናቸውን ሊታከሙ መቱ መጥተው ነበር። ከሐኪም ቤት ላመጣቸው ሄድኩ። ከፊት ወንበር አስቀመጥኳቸው። እሳቸው ሕይወታቸውን ሙሉ መኪና ላይ ተኝተው አያውቁም፤ ጩኸቱና መንገጫገጩ ራሳቸውን ያማቸዋል። ገና ዋናውን መንገድ ሳንይዝ አንገታቸው ዘንበል አለ፣ ትንሽ ቆይተው ማንኮራፋት ጀመሩ። ከተማው ውስጥ የሚሰማው የእሳቸው ማንኮራፋት ብቻ ነው። ቤት ደርሼ ሳቆም እንዳይነቁ ብዬ በሩን አልፌው ሄድኩ። እስከ ከተማው መውጫ ሄጄ ተመለስኩ፤ አሁንም ተኝተዋል፣ ስለዚህ ደግሜ ዞርኩ። መርፌውን ማየት ትቼ ነበር። ከቤታችን በታች ያለው ዳገት ላይ መኪናዋ ቀስ ብላ ቆመች።

ባለቤቴና ልጅቷ ወጥተው አዩን። ምን እንደሆነ አልጠየቁም። ባለቤቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ልጅቷ ጫማዋን አወለቀች፣ ጎረቤቶች ተጨመሩ፣ ገፉን። እኔ መሪውን እየታገልኩ በመስኮቱ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ «ቀስ፣ ቀስ» እላቸው ነበር። አባትየው ጊቢ ውስጥ እስክንገባ አልነቁም።